የስቶክሆልሙ ሽኝት

በእትዬ አሰገደች የአርባ ቀን መታሰቢያ ዕለት ከቤታቸው ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ እስክገባ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እሳቸውን የማያውቅ ሰው "ታዲያ ምን ይገርማል?" ይል ይሆናል። ኖርዝ ላስ ቬጋስ ያለውን ያን ቤት የረገጠ ሁሉ ግን ይገባዋል። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ከዚያ ቤት በግማሽ ሰዓት የወጣ ሰው ዕድለኛ ነው። በሩ ላይ አንድ ወሬ አለ፤ ጋራዡ ፊት ለፊት ሌላ ይጀመራል፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ ደግሞ መስኮት አስወርደው፣ እስካሁን የተወራው ሁሉ መግቢያ ብቻ እንደነበር የሚያስረዳ ዋና ጉዳይ ያመጣሉ። በሐምሌ፣ አስፋልቱ የጫማ ሶል በሚያቀልጥበት ሰዓት፣ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እጃቸውን መስኮቴ ላይ አሳርፈው ይቆማሉ።

"ይበቃል እትዬ፣ ይግቡ፤ ፀሐዩ!" እላቸዋለሁ።

"እሺ፣ አንቺ ሂጂ። እገባለሁ።"

ሄጄ በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ እዚያው ናቸው። መታጠፊያው ላይ እስክሰወር ፍንክች አይሉም። በአርባው ዕለት ግን ማንም አልተከተለኝም። ሞተሩን አስነስቼ፣ መስኮቱን አውርጄ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ መስኮቱን ዘግቼ ሄድኩ።

እትዬ አሰገደች በሽኝት ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር። "የሚሸኝ ሰው በገዛ ፈቃዱ አይመለስም" ይሉኛል ጣታቸውን ቀስረው። "የሚመልሰው ተሸኚው ነው። 'ይበቃል፣ ተመለሺ' ሲልሽ ትመለሻለሽ። እሱንም በመጀመሪያው እሺ አይባልም። ሳይልሽ ከተመለስሽ ሰውዬውን መንገድ ላይ ጥለሽዋል።" ይህን ሕግ እሳቸውንም ታናሽ ወንድማቸውንም፣ አንዳንዴ በአለንጋ ጭምር፣ ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው።

የተዋወቅነው ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች ሰው በምታመላልስ አንዲት አነስተኛ ኩባንያ ውስጥ ነው። እኔ በዲቪ ከመጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም። እሳቸው በወጣትነታቸው ከሱዳን በስደት መጥተው፣ ዕድሜያቸውን የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው፣ በስተርጅና መሪ የጨበጡ ሴት ናቸው። ሥራውን ያስለመዱኝም እሳቸው ናቸው። የኩባንያው ደንብ ግልጽ ነበር። ተሳፋሪውን በር ላይ ታወርጃለሽ፣ ሻንጣውን ትሰጪዋለሽ፣ ቲፕ ከሰጠሽ ታመሰግኚያለሽ፣ ወደሚቀጥለው ትሄጃለሽ። እትዬ አሰገደች ግን ወርደው፣ ሻንጣውን ራሳቸው እየጎተቱ፣ እስከ ካዚኖው በር አንዳንዴም እስከ እንግዳ መቀበያው ድረስ ይሄዳሉ። ሰውዬው ከየትም ይምጣ፣ ይስከር አይስከር፣ ጉዳያቸው አይደለም። ሱፐርቫይዘራችን በሬዲዮ ትጮኻለች።

"አሰገደች፣ የት ነሽ? ስኬጁል አለን እኮ!"

"ሰው እየሸኘሁ ነው" ይሏታል ረጋ ብለው።

ማስጠንቀቂያ ሲሰጧቸው አመስግነው ይቀበላሉ፤ በማግስቱ ያንኑ ይደግማሉ። እኔ ቸኩዬ የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። ሽኝት ለእኔ የሥራ ፈት ጨዋታ ነበር፤ ከእሳቸው ጋር ሺፍት ሲደርሰኝ ቆሽቴ ያርራል። የዛሬ ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስቶክሆልም ባልሄድ ኖሮ፣ ነገሩን ሁሉ "የሴትየዋ አመል ነው" ብዬ ትቼው እቀር ነበር።

ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ተፈራ ከሱዳን ወደ ስዊድን ሄደው፣ እዚያ አግብተው፣ ወልደው፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት ገና ሰሞን ባለቤታቸው ወይዘሮ ገነት አረፉ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ቤታቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ብትጨንቃት ላስ ቬጋስ ደወለች። እዚያው ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ አጭር አጭር ነው።

"አክስቴ፣ አባዬ አይወጣም። መጋረጃ አይከፍትም። ስልክ አያነሳም። እኔ ፈራሁ።"

በማግስቱ እትዬ አሰገደች የዕረፍት ክፍላችን ውስጥ አጠገቤ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

"ወንድሜ ቁጭ ብሎ እየሞተ ነው" አሉኝ። "ሄጄ ላመጣው ነው። ባዶውን ክፍል ቀለም አስቀብቻለሁ፣ አልጋም ገብቷል። ቫኬሽን አለሽ አይደል?"

"አለኝ።"

"ምን ልታደርጊበት ነው?"

"ልተኛበት።"

"ስቶክሆልም ትተኛለሽ። ስልኩን አንቺ ትይዣለሽ፣ አፉን እኔ።"

አልተኛሁም።

ቬጋስን ግንቦት ላይ ሙቀቱ ጀማምሯት ነው ትተናት የሄድነው። ስቶክሆልም ፀሐይዋ ቁልጭ ብላ እያበራች ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋሽ ተፈራ የሚኖሩት ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቴንስታ የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው። እህትና ወንድም ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔ ሻንጣ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ቤቱ ጽድት ያለ ነው። ግን በጠራራ ቀን መብራት በርቷል፣ መጋረጃው ድፍን ብሎ ተዘግቷል፣ የወይዘሮ ገነት ካፖርት በሩ ጎን እንደተሰቀለ ነው።

"ከወጣህ ስንት ጊዜህ ነው?" አሉ እትዬ ገና ሳይቀመጡ።

"እወጣለሁ እንጂ። ታች ሱቅ አለ።"

"ሱቅ ደግሞ መውጣት ነው? በል፣ አብረኸን ቬጋስ ትሄዳለህ። ክፍልህ ተዘጋጅቷል።"

"የትም አልሄድም፣ አሰገደች። ገነት የተቀበረችው እዚህ ነው።"

አነጋገራቸው ቁርጥ ያለ ነበር። የነበረን አራት ቀን ብቻ ነው። እኔም በሆዴ "በቃ፣ ሰውየውን እዚህ ጨለማ ውስጥ ትተን ልንመለስ ነው" አልኩ። ሶፋው ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ የከተማውን ካርታ ማገላበጥ ያዝኩ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ጫማቸውን እያሰሩ "እኛ ከተማ ልናይ ነው" አሉ። "ና" አላሉም። ጋሽ ተፈራም "ሂዱ፣ ደስ ይላችኋል" ብለው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩን በየት በኩል እንደምናገኘው ነገሩንና ሊሸኙን ተነሱ። እንግዳ ሲወጣ ተቀምጠው የሚቀሩ ሰው አይደሉም፤ ያው የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

በሩ ላይ ደረስን። እዚህ ላይ "ይበቃል፣ ግባ" መባል ነበረበት። እትዬ አሰገደች አላሉም። ይልቅ በልጅነታቸው ጎረቤት ስለነበሩ ሁለት ወንድማማቾች የአጥር ክርክር ማውራት ጀመሩ። ሊፍቱ ጋ ስንደርስ ወሬው ዳኛ ፊት ደረሰ። ሊፍቱ ሲከፈት እትዬ ወሬውን ሳያቋርጡ ገቡ፤ ጋሽ ተፈራም በሸበጥ ተከትለው ገቡ። እኔን ያያሉ፣ እህታቸውን ያያሉ፣ እግራቸውን ያያሉ። ታች ወርደን የሕንፃው በር ሲከፈት ንፋሱ ሹራባቸው ውስጥ ገባ።

"እንግዲህ..." አሉ። በእኛ ዘንድ "እንግዲህ" ብሎ ዝም ማለት "አሰናብቱኝ" ማለት ነው።

"እንግዲህ ምን?" አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው።

"እንግዲህ... ቆዩ፣ ጫማ ላድርግ።"

"አድርግ፣ እንጠብቅሃለን።"

ሊፍቱ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሩ። "ይበቃል እንዳትዪው" አሉኝ ክንዴን ጨምቀው። "እኔ ሳልለው መመለስ አይችልም። እናታችን እንዲያ አድርጋ አላሳደገችውም።"

ያኔ ነው የሴትየዋ ነገር የገባኝ። ለሰው ሁሉ ሽኝት ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት፣ አሁን ወንድማቸውን በዚያው ሽኝት አፍንጫውን ይዘው ከቤት ሊያወጡት ነው።

የቴንስታ ባቡር ጣቢያ ግድግዳ እንደ ዋሻ ሸካራ ሆኖ በአበባና በእንስሳት ሥዕል ያጌጠ ነው። ጋሽ ተፈራ መግቢያው ላይ ቆም አሉ። እትዬ ቲኬት የሚነካበት ቦታ የጠፋቸው መስለው ቦርሳቸውን ያገላብጣሉ፤ በቬጋስ ለስንቱ ቱሪስት መንገድ የሚያሳዩት ሴት! ጋሽ ተፈራ ኪሳቸውን ዳሰሱ። የራሳቸው ካርድ እዚያው ነበር። አስነክተው አለፉ፣ እኛም ተከተልን።

መሃል ከተማ ያለው ትልቁ ጣቢያ ስንወርድ ጣራው በሰማያዊ ቅጠል ሥዕል ተሸፍኗል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የሰዎች ጥላ ተስሏል፤ አንዱ መሰላል ላይ ወጥቷል፣ አንዱ የሥራ መሣሪያ ይዟል። እኔ ፎቶ ሳነሳ ጋሽ ተፈራ ከኋላዬ "ጥላዎቹ ሠራተኞቹ ናቸው" አሉኝ። "ዋሻውን የሠሩት ሰዎች። መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ ይሄን ወለል ነበር የማጸዳው። ማንም በሌለበት ሰዓት ከእነሱ ጋ ነበር የማወራው።" ሳይጠየቁ ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እትዬ ያልሰሙ መስለው ጣራውን ያያሉ።

"እንግዲህ..." አሉ ጋሽ ተፈራ እንደገና።

"አዎ፣ እንግዲህ አሮጌውን ከተማ ነው የምናየው። በየት ነው?"

ምን ያድርጉ? አሳዩን። አሮጌው ከተማ ደሴት ላይ ነው። ቤቶቹ ቢጫና ቀይ ናቸው፣ መንገዱ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ጋሽ ተፈራ ከሁሉ ጠባቧን ጎዳና አሳዩን፤ ደረጃ ናት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። እትዬ አሰገደች ሰውነታቸው ሞላ ያለ ስለሆነ መሃል ላይ ደርሰው ሁለቱንም ግድግዳ በክርናቸው ነኩ።

"እዚህ ሰፈር ሙሽራና ሙሽሪት ተራ ገብተው ነው የሚያልፉት?" አሉ።

ጋሽ ተፈራ ሳቁ። ድምፁ እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ስለገነነ ራሳቸውም የደነገጡ መሰለኝ፤ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ማታ ቤት ስንገባ መጋረጃውን የከፈቱት እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ደግሞ ያው ጨዋታ፤ በር፣ ሊፍት፣ ባቡር። ይህን ጊዜ ግን ጫማቸውን ቀድመው አድርገዋል። ከወደቡ ጀልባ ይዘን፣ ዛፍ ወደበዛበት ሙዚየሞቹ ወዳሉበት ደሴት ልንሻገር ነው። ያው የባቡሩ ቲኬት ለጀልባውም ስለሚሠራ እትዬ "አውቶቡስ በውሃ ላይ" ብለው አደነቁ። ጀልባው ሲነሳ ጋሽ ተፈራ ብረቱን ጨብጠው ወደ ውሃው አጎነበሱ።

"ገነት ይሄን ጀልባ ትወድ ነበር" አሉ። "በየእሑዱ። ከሞተች ወዲህ አልረገጥኩትም።" እንባቸው በንፋሱ ወደ ጆሯቸው ይሄዳል። "አሰገደች፣ ዛሬ እንኳን ይበቃል አትዪኝም?"

"አልልህም።"

"ነውር እኮ ነው። እናታችን ብትሰማ ምን ትላለች?"

"ጎሽ ነው የምትለኝ።"

እትዬ የወንድማቸውን እጅጌ ይዘው እስክንሻገር ቆሙ። እኔ የዓለምን ሰው በቲፕ የምመዝን፣ እዚያ ጀልባ ላይ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ማን ይችለዋል! ጋሽ ተፈራ ከፊት እኛ ከኋላ። አንዲት የድሮ የንጉሥ መርከብ አሳዩን፤ በመጀመሪያ ጉዞዋ ገና ከወደቡ ሳትርቅ ሰጥማ፣ ከዘመናት በኋላ ተጎትታ ወጥታ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። እትዬ ከታች እስከ ላይ አዩዋት። እኛ ሹፌሮች ጠዋት ጠዋት ጎማና ፍሬን ሳናይ አንወጣም፤ ፕሪ-ትሪፕ እንለዋለን።

"ፕሪ-ትሪፕ ሳያደርጉ ነው የወጡት" አሉ። "ሱፐርቫይዘር አጣድፏቸው ይሆናል።"

ስንወጣ መንገድ የጠፋቸው አሮጊትና ሽማግሌ ቱሪስቶች ትራም ማቆሚያው ላይ ካርታ ይዘው ሲጨቃጨቁ አገኘን። ጋሽ ተፈራ ጠጋ ብለው በየት እንደሚሄዱ አስረዷቸው፤ አልገባቸውም። በእጃቸው አሳዩ፤ አሁንም ግራ ገባቸው። በመጨረሻ እስከ ትክክለኛው ትራም በር ወሰዷቸውና፣ ትራሙ እስኪሄድ ቆመው እጃቸውን አወዛወዙ። እትዬ አሰገደች በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

"ይሄ ሰው የትም አይሄድም" አሉኝ በሹክሹክታ። "ክፍሉ የእንግዳ ይሁን።"

"ልንወስዳቸው አይደል እንዴ የመጣነው?"

"ልናወጣው ነው የመጣነው። ይኸው ወጣ።"

የመጨረሻው ቀን ጋሽ ተፈራ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ፂማቸውን ተላጭተው፣ በባቡር እስከ ኤርፖርት ሸኙን። ፍተሻው በር ላይ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ሸኚ አይገባም። እህትና ወንድም ተሳሳሙ፣ ደግመው ተሳሳሙ። ጋሽ ተፈራ ቆመው ያቺን ቃል ይጠብቃሉ። እትዬ አሰገደች ግን ቦርሳቸውን አንስተው፣ አንድ ጊዜ ዘወር ብለው በእጃቸው ሰላምታ ሰጥተው፣ ዝም ብለው ገቡ። አንገቴን አዙሬ ሳይ ሰውየው እዚያው ቆመዋል።

አውሮፕላኑ ውስጥ አላስቻለኝም። "እትዬ፣ አሁንስ ምን ነበረበት ቢሏቸው?"

"ካልኩት ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል" አሉኝ ቀበቷቸውን እያጠበቁ። "ሳይመለስ ይኑር።"

እውነትም ሰውየው አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ፎቶ ይልካሉ፤ ከድልድይ ላይ፣ ከጀልባው ላይ፣ በረዶ ከሸፈነው መናፈሻ፣ ስሙን ከማላውቀው ደሴት። ከሥሩ ሁሌም "አሁንም እየሸኘሁሽ ነው" ብለው ይጽፋሉ። እትዬ አሰገደች ፎቶውን ለሱፐርቫይዘራችን ሳይቀር እያሳዩ "ወንድሜ ነው፣ ውጭ ነው ያለው" ይሏታል። እሷ ደግሞ ያልገባትን እየሳቀች ታልፈዋለች።

ዘንድሮ በሰኔ የእትዬ ልብ አስቸገረ። ሐኪሞቹ መከፈት አለበት አሉ። ጋሽ ተፈራ እንደሰሙ ተነሱ። ላመጣቸው ኤርፖርት ሄጄ ብጠብቅ ብጠብቅ የሉም። በመጨረሻ ስልኬ ጮኸ።

"ሆስፒታል ነኝ" አሉኝ። "አውቶቡስ ያዝኩ፣ ሹፌሩን ጠየቅሁት። ከተማችሁ ቀላል ናት እኮ!"

ያኔ በዚያ ሙቀት፣ ዕድሜያቸውን ሳስበው፣ ብስጭትም ሳቅም አንድ ላይ መጣብኝ። ለእሳቸው በተቀባው ክፍል ውስጥ አደሩ። ቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት እኔና እሳቸው የእትዬን አልጋ ግራና ቀኝ ይዘን፣ ነርሷ ስትገፋ አብረን ሄድን። እትዬ አሰገደች ሰማያዊ ቆብ አድርገው ትንሽ ሆነዋል። ዓይናቸው ግን ያው ነው። ኮሪደሩ መሃል ላይ ነርሷ "ቤተሰብ እስከዚህ ነው" አለች። ጋሽ ተፈራ የሰሙም አልመሰሉ፤ ብረቱን እንደያዙ ናቸው።

"ተፈራ" አሉ እትዬ።

"አቤት።"

"ይበቃል። ተመለስ።"

ጋሽ ተፈራ ቀጥ አሉ። "ምን ይበቃል፣ ትንሽ ልሂድ እንጂ" አሉ።

"በቃህ አልኩ እኮ። ሸኝተኸኛል። ግባ፣ ይበርድሃል።"

አልጋው ሄደ። ጋሽ ተፈራ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ እስኪታጠፍ ድረስ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። እኔ ወንበር አሳየኋቸው፤ አልተቀመጡም።

"ሦስት ዓመት ሙሉ እየለመንኳት እንቢ አለች" አሉኝ። "አሁን ለምን አለችኝ?"

ለምን እንዳሉ ሁለታችንም አውቀነው ነበር። እትዬ አሰገደች ከዚያ በር ተመልሰው አልወጡም።

ከቀብር በኋላ ጋሽ ተፈራን ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሺፍት ነበረኝ፤ ሰዓቴ አልፏል። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ሻንጣቸውን እየጎተትኩ እስከ ፍተሻው ሄድኩ። ስሜያቸው "ይበቃል" እስኪሉኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቦርሳቸውን አንስተው፣ አንድ ጊዜ ዘወር ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። ፊታቸው ላይ የእህታቸው ሳቅ ነበር። ዝም ብለው ገቡ።

ስልኬ ጮኸ። ሱፐርቫይዘራችን ናት።

"የት ነሽ? ተሳፋሪ እየጠበቀሽ ነው እኮ!"

ጋሽ ተፈራ ገና አልታጠፉም ነበር።

"ሰው እየሸኘሁ ነው" አልኳት።